የ«ቻለ» እርባታ

ከፒያሳ ዝቅ ብሎ፣ ከሰዓት ጠጋኙ ጎን፣
ማክሰኞና ዓርብ ማታ ጋሽ ዘርጋው ያስጠናናል ግሥን።
ሦስት ነን፤ ሦስታችንም አስጎብኚዎች፣
ባጃችን ሚስማር ላይ የዋለ፣ እንግዳ ያጣን ልጆች።

እሱ ገና ባሥራ ሁለቱ፣ አባቱ ኦጋዴን ሲቀር፣
በመርከብ ተጭኖ ሄዶ ኩባ ያደገ ነበር።
ብርቱካን እየለቀመ፣ ግሥ እያረባ፣
ካንድ ቋንቋ እየወጣ፣ ወዳንዱ እየገባ።
ሲመለስ እናቱ ሰምታ በህልሙ የሚያወራውን፣
«ቄስ ጥሩልኝ» አለች አሉ፣ ይዛ የጸበል ዕቃውን።

ዛሬ ጠመኔ አነሣና ሰሌዳውን ለሁለት ከፈለ፤
«ሳቤር» አለ በግራ፣ በቀኝ «ፖዴር» አለ።
«እኛ ‹እችላለሁ› ብለን ባንድ ነጠላ የቋጠርነውን
እነሱ ፈትተው ያያሉ፣ ይለያሉ የየራሱን።
ሳቤር፣ ተምረሽ ላወቅሽው፣ ለገባ ከእጅ ከእግርሽ፤
ፖዴር፣ ዛሬ ለሆነልሽ፣ በሩ ለተከፈተልሽ።»

«ምሳሌ» አልነው።

በመስኮቱ አየ። ጠመኔውን ኪሱ ከተተ።
«የተመለስኩ ዓመት ነው፤ ጥምቀት ሦስት ቀን ሲቀረው፣
ቀሃን ጠልፈው አስገብተው፣ የፋሲል መዋኛ ሞልቶ፣
የዋርካው ሥር ግንቡን አቅፎ፣ ጥላው ውሃው ላይ ተኝቶ፣
ሸሚዜን አውልቄ ቆምኩ።
ዘበኛው ዱላውን ይዞ ‹አይቻልም!› አለኝ።
‹እችላለሁ!› አልኩት።
‹አይቻልም እኮ ነው የምልህ!›
‹እችላለሁ እኮ ነው የምልህ! ባሕር ነው ያስተማረኝ!›
እሱ የሚያወራው ስለ ፈቃድ፣ እኔ የማወራው ስለ ክንዴ፤
ባንድ ቃል ሁለት ሰው ተጣላ፣ አደርኩኝ ጣቢያ ወርጄ።»

ከሰሌዳው ግርጌ ጻፈ፤
ሴ ናዳር፣ ፔሮ ኖ ፕዌዶ።
ዋና አውቃለሁ፤ ግን አልችልም።
«ይህን ለዘበኛው የምልበት አማርኛ ያኔ አልመጣልኝም።»

እጄን አወጣሁ።
«እናቴ፣ ወንድሜ የሄደ ጊዜ፣ ‹ቻል አድርጊው ልጄ› ያለችኝ፣
እሱስ በየት ይገባል? በግራ ነው በቀኝ?»
ሰሌዳውን አየ። ቦታ የለም።
«እሱ ሌላ ግሥ ነው» አለ፣
«አጉዋንታር ይሉታል፤ ለዛሬ አልተያዘም።
እኛ ጋ ግን…» አለና ሳል አቋረጠው፤
የተቋረጠውን ነገር ማንም አልጠየቀው።

ባጃጅ ካንድ ሰዓት ወዲያ አይቻልምና
በእግሬ ስወርድ፣ ራሴን አረባሁ ገና።
ሴ፤ የነገሥታቱን ስም በተራ፣ የግንቡን ደረጃ ቁጥር፣
ከየትኛው መስኮት ላይ ርግብ እንደሚያድር።
ኖ ፕዌዶ፤ መንገዱ ሲዘጋ፣ ሆቴሉ መብራት ሲያጠፋ፣
የማውቀው ሁሉ ሆዴን እንደ ጥሬ ሲነፋ።

ባለፈው ዓርብ አልመጣም።

ጨጨላ ድረስ ሄድኩ። የቆርቆሮ በሩ ገርበብ ብሏል።
«ቤቶች!» ልል አፌ ላይ መጣ፤
ቤቶች የሚባል ብዙ የለም፣ ብቻውን ነው የሚኖረው።
ያኔ ትዝ አለኝ አንድ ቀን የነገረን፤
«በዚያ አገር ደጃፍ ላይ ‹ሴ ፕዌዴ?› ይባላል፣
‹ይቻላል?› እንደ ማለት። ማን እንደሚፈቅድ አይነገርም፤
ግሡ ባለቤት የለውም።»

«ሴ ፕዌዴ?» አልኩ።
ባለቤት የሌለው ግሥ ባለቤት ወደሌለው ቤት ገባ፣
ውስጥ ቆየ።

«አዴላንቴ።»

በርጩማ ላይ ነው፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣
ያበጡ እግሮቹን ሰማያዊ ሳፋ ውስጥ፣ የጨው ውሃ ውስጥ ጥሎ።
ቀና ብሎ አየኝ። ጣቶቹን እያንቀሳቀሰ፣
«ግቢ እንጂ» አለኝ፣
«ዛሬ ዘበኛ የለም።»